በቀን ሦስት አዲስ ዘፈን

«የዘሃራ ጆሮ አለቀ» ብላ የደወለችልኝ ሰብለ ናት፤ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ኢንተርኔት ቤት ያላት ሰብለ። «አለቀ» ማለቷ አናደደኝ። ጆሮ ዘይት ነው እንዴ የሚያልቀው? ተደፈነ ይባላል፣ ጠፋ ይባላል፣ ስንት ቃል አለ! ስልኩን ዘግቼ ቁጭ ስል ግን እኔም ሌላ ቃል አጣሁለት። የዘሃራ ጆሮ በእርግጥም እንደ ማግ ክር ነው ያለቀው፤ ከጥቅሉ ላይ እየተተረተረ፣ ሁላችንም እያየነው።

ለሰብለ መልሼ ደወልኩላት። «ምን አለችሽ?»

«ጻፈችልኝ። ‹ትላንት የመጨረሻዋ ሄደች፤ አስካለን አብሽሪ በያት› ነው ያለችው።»

የደነቆረችው እሷ፣ አብሽሪ የምባለው እኔ! ይኸ ነው እንግዲህ የዘሃራ ነገር።

አስካለ እኔ ነኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ከዘሃራ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርተናል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ፍንጭት ሴት ነበረች። ነበረች እላለሁ ደግሞ፤ ሰውዬዋ ቢስቲማ ወንድሟ ቤት ቁጭ ብላ፣ እኔ እዚህ እንደ ሞተ ሰው አወራላታለሁ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ፍንጭት ሴት ናት። ሻሿን ከጆሮዋ ኋላ አጥብቃ ታስራለች፤ ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። በዕድሜ በአሥራ ሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት።

ሽመና ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ጩኸት ምን እንደሆነ አያውቅም። ብረት ብረትን ቀኑን ሙሉ ይመታል፣ ወለሉ ከእግር ሥር ይርዳል፣ አጠገብ ያለች ሴት አፏን ከፍታ ብትጮህ የሚታየው ጥርሷ ብቻ ነው። ስለዚህ በእጅ ነበር የምንነጋገረው። ሁለት ጣት እንደ መቀስ ከተከፈተና ከተዘጋ «ክር ተበጥሷል፣ አቁሚና ከመጀመሪያው ጀምሪ» ማለት ነው። ጡጫ ደረት ላይ ሁለቴ ከተመታ «ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ» ማለት ነው። ከላይኛው ከንፈር ላይ የሌለ ጢም ከተሳበ ደግሞ አለቃ መጣ። አለቃችን ጢማም ነበር።

እኔ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ይኼን ማን ነግሮኝ? ዘሃራ ከማዶ ሆና እያየችኝ ከንፈሯ ላይ ትስባለች፣ ደግማ ትስባለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ከንፈሬ ላይ ጥቂት ፀጉር አለችኝና የሰደበችኝ መሰለኝ። ማሽኔን ትቼ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ልጣላት ስሄድ አለቃው ከኋላዬ ቆሟል። ከዚያ ቀን በኋላ ዘሃራ በየመንገዱ ባገኘችኝ ቁጥር ጢሟን እየሳበች ትስቅብኝ ነበር። እኔም በመጨረሻ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ!

የጆሮ መድፈኛ ይሰጠን ነበር። ዘሃራ የሷን ኪሷ ውስጥ ነበር የምታኖረው። «ማሽን ሲታመም በጆሮ ነው የሚታወቀው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ከክፍሉ ጫፍ ሆና የቱ ማሽን ክር ሊበጥስ እንደሆነ ቀድማ ታውቅ ነበር። እኛ ስድስት ማሽን ስንጠብቅ እሷ አሥር ትጠብቃለች። በዚህ ትኮራ ነበር፤ እኛም በሷ እንኮራ ነበር። ማሽኑ በበኩሉ ጆሮዋን እየበላ መሆኑን ማንም አላሰበም።

የታወቀው በረመዳን ነው። ቤቷ ከመስጊዱ ሦስት ቤት ይርቃል። አንድ ምሽት ቴምሯን ይዛ፣ ውኃዋን ቀድታ የመግሪብን አዛን ትጠብቃለች። ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች። «ዛሬ ሙአዚኑ ምን ነካው?» ትላለች ለራሷ። ጎረቤቷ ሾርባ ይዛላት ስትመጣ ዘሃራ ቴምሩን በእጇ እንደያዘች አገኘቻት፤ ሰፈሩ በሙሉ አፍጥሮ፣ በልቶ፣ ለሶላት ተነሥቷል። በማግስቱ እየሳቀች ነገረችኝ። «ሙአዚኑን እኮ በሆዴ ሳማው አመሸሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ» አለች። ሳቋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ደሴ ሐኪም ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ ከንፈሩን እንድታይ ቀስ ብሎ ነገራት። ሁለቱም ጆሮዎቿ ተጎድተዋል። የሄደው አይመለስም። የቀረው ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ከጩኸት ከራቀች፣ ጆሮዋ ውስጥ የሚሰካ ማዳመጫ ካላደረገች፣ ድምፅ ዝቅ አድርጋ ከሰማች። ያኔም ቢሆን ያልቃል።

ስንመለስ ሚኒባሷ የሐረጎን ጠመዝማዛ እስክትጨርስ ድረስ መንገድ መንገዱን ታያለች። እኔም በመስኮት ጭጋጉን አያለሁ። ኮምቦልቻ ከታች ብቅ ስትል ድንገት ዞረችና፦

«አስኩ፣ በዓለም ላይ ስንት ዘፈን አለ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ብዙ ነዋ።»

«እኔ ስንቱን ሰማሁት?»

«አንቺማ በዓለም ያለውን ሁሉ ሰምተሽዋል።»

«ወላሂ አልሰማሁም። ከወሎና ከራዲዮ ወጥቼ አላውቅም» አለችና ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች። እኔ ለጆሮዋ ታዝናለች ብዬ እንባዬን ስታገል፣ እሷ ለካ ሒሳብ እየሠራች ነው!

ሰኞ ጠዋት አለቃው ዘንድ ገብታ ወደ ጨርቅ ፍተሻ ክፍል አዛውሩኝ አለች። ፍተሻ ማለት ፀጥ ያለ ክፍል ነው፤ ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል፣ እንከን ካለበት በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል። ለጀማሪና ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ሥራ። የፋብሪካው አንደኛ ሸማኔ እዚያ ልትቀመጥ! አለቃው ጢሙን እየሳበ፣ «ዘሃራ፣ አበድሽ እንዴ?» አላት።

«ለማሽን የሰጠሁት ይበቃዋል» አለችው። «የተረፈችው ለዘፈን ናት።»

እኔ ተቆጣኋት። ከጎኔ ማሽኗን ማን እንደያዘው ሳይ ልቤ ተቃጠለ፤ ሁለት ሴት ነው የተኩት። በሻይ ሰዓት ሄጄ፣ «በቃ ቁጭ ብለሽ ዘፈን ልትሰሚ ነው? ስንት የሚሰማ ቁም ነገር አለ!» አልኳት። ያኔ ነው ደንቧን የነገረችኝ። በቀን ሦስት ዘፈን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከሦስት አይበልጥም፣ ጆሮ ይደክማል። ሦስቱም አዲስ መሆን አለባቸው።

«አዲስ ለምን? የምትወጂውን አትሰሚም?»

«የማውቀውንማ በልቤ እሰማዋለሁ፤ ማን ይወስድብኛል?» አለች። «ጆሮዬ ለማላውቀው ነው።»

እኔ የሷ ተቃራኒ ነኝ። ከልጅነቴ የሰማሁት አንድ ሃያ ዘፈን አለኝ፤ ይበቃኛል። አዲስ ዘፈን ሲመጣ እንደ እንግዳ ሰው ነው የማየው፤ ማን ላከህ እለዋለሁ። ዘሃራ ለዚህ «ደረቅ» የሚል ስም አውጥታልኝ ነበር። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት ደሴ መውጣት ጀመርኩ። ብቻዋን መኪና መንገድ ስታቋርጥ ጥሩንባ አልሰማ ብትልስ? ለዘፈኑ አልነበረም፤ በማርያም!

የሰብለ ኢንተርኔት ቤት ሰኞ ገበያ፣ ከጫማ ሻጮቹ በላይ፣ በጠባብ ደረጃ ተወጥቶ ነው። ስድስት ኮምፒውተር፣ አንዱ ሁልጊዜ የተበላሸ። ሰብለ ወፍራም፣ ተናጋሪ፣ ካርታ ጨዋታ ከኮምፒውተሩ ጋር ስትጫወት የምትውል ሴት ናት። መጀመሪያ ዘሃራ ስትገባ ልጇን አረብ አገር ልታናግር የመጣች እናት መስላት ነበር። «በየትኛው አገር ነው እማዬ?» ስትላት ዘሃራ፣ «የትም ይሁን፤ ሰምቼው የማላውቀው አገር» አለቻት። ሰብለ ዞራ አየችኝ። እኔም ትከሻዬን ነቀነቅኩ።

ፊልምና ዘፈን የሚታይበትን ገጽ ከፈተችላት። አንዱ ዘፈን ሲጫወት በቀኝ በኩል ይመሳሰላሉ የተባሉት ሌሎች ይደረደራሉ፤ ሰብለ ይኼን ስታስረዳት ዘሃራ ወዲያው ገባት። «ዘመዶቹ ናቸው በይኛ!» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ዝርዝሩ «ዘመድ» ተባለ። ዲቪ ሊሞላ የመጣው ሰው ሁሉ ሳይቀር «እስቲ ዘመዶቹን አምጪው» ሲል ሰምቻለሁ።

የዘሃራ አሠራር ግን የሌላ ሰው አይደለም። ከላይ ያለውን አትነካም። «ፊት ፊት የሚለው ደላላ ነው» ትላለች። ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ታስደርጋለች። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ቁጥር ግን ታነባለች፣ ስንት ዓመት ቆጣሪ ስታነብ የኖረች ሸማኔ ናት። ከሥር የተጻፈውን ያየው ሰው ብዛት ታይና ሚሊዮን ከሆነ ታልፈዋለች። «ይኼ ሰው አላነሰውም፤ እኔ ምን ልጨምርለት?» ሁለት መቶ ሰው፣ ሠላሳ ሰው ያየው ሲገኝ ፊቷ ይበራል። አንድ ጊዜ አራት ሰው ብቻ ያየው አገኘች። በጭቃ ቤት በር ላይ ተቀምጦ፣ ባለ አንድ አውታር ነገር የሚመታ ሽማግሌ፤ አገሩን አላወቅነውም። ዘሃራ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ዘርግታ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲጨርስ፣ «አጃኢብ! አምስተኛ ሆንኩለት» አለች። እንዴት ደስ እንዳላት!

የወደደችውን በደብተር ትጽፋለች። ስማቸውን ስለማታውቅ ራሷ ስም ታወጣለች፦ «ባለ ግመሏ»፣ «ሽማግሌው በር ላይ»፣ «ሦስቱ እህትማማች፤ ትንሿ ትበልጣለች»። ሰብለ እነዚህንና ሳምንቱን ሙሉ ሦስት ሦስት የምትሰማቸውን አዳዲሶች የዘሃራ ስልክ ላይ ትገለብጥላታለች፤ የተወደዱት ሰኞ ፋብሪካ ይመጣሉ። በሻይ ሰዓት ሴቶቹ ስልካቸውን ይዘው ይከቧታል፣ እሷም እየዞረች በብሉቱዝ ትልካለች። ስትልክም እንደ አገራችን ወግ፣ የሚበላ እንደሚያቀርብ ሰው፣ «ጀባ!» ትላለች። እኔ ጋ ስትደርስ፣ «ለደረቋም ጀባ!» እቀበላለሁ፤ አልሰማውም። እሷም ታውቃለች። ግን አንድም ሰኞ አልዘለለችኝም።

ሁዳዴ ሲገባ፣ «አሁንስ ጾም ነው፣ ዘፈን አልሰማም» ብዬ ተገላገልኩ ስል፣ ለካ የሃምሳ አምስት ቀኑን እያጠራቀመችልኝ ኖሯል። የፋሲካ ማግስት መጥታ ስልኬን ሞላችው። «የሁዳዴሽ ነው፣ ግደፊበት» አለች። እሷም በረመዳን ዘፈን አትነካም ነበር። ጆሮዋ እያለቀ፣ ቀን እየተቆጠረባት፣ አንድ ወር ሙሉ! ሲከፋኝ፣ «እትዬ፣ ላንቺ እኮ ወር ብዙ ነው» ብላት፣ «ጆሮዋን የሰጠኝ ጌታ ወሯን ቢጠይቀኝ ልከለክለው ነው?» አለችኝ። መንዙማ ትሰማ ነበር፤ እሱንም ቢሆን ያልሰማችውን።

ሰብለ የዘሃራ ስልክ ላይ አንድ ነገር ጫነችላት፤ የሚሰማውን ዘፈን አድምጦ ስሙን የሚናገር። ዘሃራ ይኼን ስታገኝ ሕፃን ሆነች። በሚኒባስ ውስጥ ስልኩን ወደ ሹፌሩ ራዲዮ ትዘረጋለች፣ ሻይ ቤት በር ላይ ትቆማለች። ራሷም አንጎራጉራለት ነበር፤ «አላወቅሁም» ሲላት በኩራት አሳየችኝ። «አየሽ? እኔ አዲስ ነኝ!»

አንድ ቀን ፈረቃ ስንቀያየር ሽመና ክፍል በር ላይ ስልኳን ከፍ አድርጋ ያዘች። ምን እያደረገች እንደሆነ ስጠይቃት በጣቷ ዝም አሰኘችኝ። ስልኩ አሰበ፣ አሰበና የዘፈን ስም አወጣ! የዘፋኙ ሥዕልም አለበት፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ ፈረንጅ። ግቢ ወጥተን ከፈትነው። እውነቱን ልናገር፣ የኛው ፋብሪካ ነው። ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ፣ ሌላ ምንም የለውም። ዘሃራ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈች። «አስኩ! ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚጨፍርበትን እኛ ስምንት ሰዓት በነፃ!» የዚያን ሳምንት ሴቶቹ ማሽን ላይ ቆመው ሲወዛወዙ አለቃው ግራ ገባው። ጢም የሚስብለት ሰው እንኳ ጠፋ።

ያለ ስጋት ግን አልነበርንም። እኔ በየወሩ እለካት ነበር፤ ከኋላዋ ሆኜ ስሟን እጠራለሁ። መጀመሪያ ከአሥር እርምጃ ትዞር ነበር፣ ከዚያ ከአምስት፣ ከዚያ ከሁለት። አልነገርኳትም። አንድ ሰሞን ደግሞ ኔት ጠፋ። ለምን እንደጠፋ ሁሉም ያውቃል፣ የሚያወራው የለም። ዘሃራን እንደዚያ ጭንቅ ብሏት አይቻት አላውቅም። «በቀን ሦስት፣ በሳምንት ሃያ አንድ» እያለች በጣቷ ትቆጥራለች፤ «ሃያ አንድ ዘፈን ሳልሰማ ቀረሁ እኮ!» በመጨረሻ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከጅቡቲ መንገድ የሚመጡት ከባድ መኪናዎች የሚያድሩበት ሄዳ ሹፌሮቹን፣ «የኔ ወንድም፣ ከወዲያ ምን ዘፈን ይዘሃል?» ማለት ጀመረች። የአፋር፣ የሱማሌ፣ የየመን ዘፈን በየስልካቸው ሞልቷል። ሰጧት። ኮምቦልቻም ወሬዋን አወራች፤ ዘሃራ በዚህ ዕድሜዋ ሹፌር ትከተላለች ተባለ። ስነግራት፣ «ይበሉ፤ እኔ እንደሆን አልሰማ» አለችና በራሷ ቀልድ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

የከድጃን ሰርግ ሳላነሳ ግን አላልፍም። ከድጃ የሽመና ክፍላችን ልጅ ናት፤ የምታገባው የባቡር ሐዲዱን ከሚሠሩት ቱርኮች ጋር የሚነዳ ሹፌር ነው። ሙዚቃው ለዘሃራ ተሰጠ። ሙሽሪት ከእናቷ ቤት ስትወጣ የሚከፈተውን አስቀድማ አሰማችኝ፤ ከዝርዝሩ ሥር ያገኘችው፣ ሴቶች ብቻ በከበሮ የሚሉት፣ ቋንቋውን የማናውቀው ዘፈን።

«እትዬ፣ በሰው ሰርግ ላይ? ምን እንደሚል ሳናውቅ? ቢሰድበንስ?» አልኳት።

«ሰው ሲሳደብ እንዲህ አይተነፍስም» አለች። «ይቺ ሴትዮ የምትሸኘው ሰው አላት።»

ምሳ ተበላ፣ ሙሽራው መጣ፣ ከድጃ የእናቷን ጉልበት ስማ ተነሣች። ዘሃራ ከፈተችው። እኛ እንደ ልማዳችን እልል ብለን ልናጨበጭብ ስንል፣ ከከበሮው ጋር እጃችን ቀስ አለ። ከድጃ አለቀሰች፣ እናቷም። በዚህ መሀል ድንኳኑ ጥግ የተቀመጠ የሙሽራው አለቃ፣ ትልቅ ቱርክ፣ ሳህኑን አስቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ተንሰቀሰቀ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። እኔ ዘሃራን በዓይኔ በላኋት፤ ይኸው፣ የለቅሶ ዘፈን ሰርግ ላይ አመጣሽ!

አስተርጓሚው ጠየቀልን። ሰውዬው ዓይኑን እየጠረገ፣ «ይኼን ከየት አገኛችሁት?» አለ። በሱ አገር ሙሽራ ከእናቷ ስትለይ ሴቶች ተሰብስበው የሚሉላት ነው፤ እንድታለቅስ ተብሎ። የራሱ ልጅ ባለፈው ዓመት ስታገባ እሱ እዚህ ሐዲድ ላይ ነበር፤ አልደረሰላትም። ዘሃራ አልሰማችውም፤ የሰውዬውን ፊት ግን አይታ ነበርና ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ቋንቋ የላቸው፣ ጆሮ የላት። በጡጫዋ ደረቷን ሁለቴ መታችለት፤ ጥሩ ነው፣ ቀጥል። ሰውዬው በምን እንደገባው እንጃ፣ እሱም ደረቱን መታላት። ከዚያ ስልኳን ተቀብሎ አንድ በአንድ የአገሩን ዘፈን ሲጽፍላት አመሸ። በማግስቱ ዘሃራ ለሰብለ፣ «ከኮምፒውተሩ ዘመድ ይልቅ የሰው ዘመድ ይበልጣል» አለቻት። ሰብለም፣ «እንግዲያው ቱርኩ ቤት ሂጂ» ብላ አኮረፈች።

የዚያ ዓመት መጨረሻ ከሁለት እርምጃም ስጠራት መዞር ተወች። ፋብሪካውን ለቃ ቢስቲማ ወንድሟ ጋ ገባች። ስንሰነባበት አቅፋኝ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለች ድምፄን ስትፈልገው መስማት ስለማልችል መደወል ተውኩ። አሁን ሲታሰበኝ ያሳፍረኛል፤ መጻፍ እችል ነበር እኮ። ደሴን አልፌ፣ ሐይቅን አልፌ መሄድም እችል ነበር። የሰብለ ስልክ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ቅዳሜ ተነሥቼ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ዘፈን የሌላት ዘሃራ ምን ትመስላለች? ስልኳን ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት፣ ግድግዳ እያየች ተቀምጣ ነበር የምትታየኝ። ምን እላታለሁ? በምንስ እላታለሁ?

የግቢውን በር ስገፋ በረንዳው ላይ ናት። የወንድሟ ሚስት ከፊቷ ምስር ትለቅማለች። ዘሃራ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ መዳፏን ከላዩ አሳርፋ፣ የሴትዮዋን እጅ አፍጥጣ ታያለች። ዘፈን እየተጫወተ ነው። ቀና ስትል አየችኝ። ከግቢው ማዶ ሆና ምንም ሳትል ከላይኛው ከንፈሯ ላይ የሌለ ጢሟን ሳበች።

እዚያው በሩ ላይ ሳቄና ልቅሶዬ ተቀላቀለብኝ። ከዚያ እጃችን ተፈታ። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። ሰዎቹስ? የፍተሻ ጠረጴዛዬን ማን ያዘው? ስንት ዓመት በዚያ ክፍል ያለ ጆሮ ስናወራ ኖረን፣ እኔ ሞኟ በምን እናወራለን ብዬ ስጨነቅ መምጣቴ! የወንድሟ ሚስት ምስሯን ትታ እያፈራረቀች አየችን።

«በይ ተቀመጪ» አለች ዘሃራ በአፏ። ድምፅዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ስለማትሰማው አትለካውም። «ሥራ ላይ ነኝ።»

ምን ሥራ? በምልክት ጠየቅኋት። አስረዳችኝ። አሁንም በቀን ሦስት ናቸው። ከዝርዝሩ ሥር ትወርዳለች፣ ሰው ያላየውን ትከፍታለች፣ የሚዘፍኑትን ሰዎች ፊትና ትከሻ ታያለች፣ ከዚያ ለቤቱ ሰው ታሰማለች። የወንድሟ ሚስት እጅ ከዘፈኑ ጋር ከሄደ ያልፋል፤ ለቀማው ካልተለወጠ ይወድቃል። ያለፈውን ለሰብለ፣ ለከድጃ፣ ለፋብሪካው ሴቶች ትልካለች።

«ላንቺስ?» አልኳት ከንፈሬን እንድታይ ቀስ ብዬ። «አንቺ ምን ታገኛለሽ?»

ደብተሯን አነሣችና ገለጠችው። ከዳር እስከ ዳር ተጽፏል። ጣቷን «ሽማግሌው በር ላይ» የሚለው ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ቀስ እያለች ወዘወዘች። ከዚያ «ሦስቱ እህትማማች» ላይ። «አንዱም አልጠፋኝም» አለች። «ነገርኩሽ እኮ፤ ማን ይወስድብኛል?»

ስልኩን አነሣችና ወደኔ ገፋችው። «ጀባ! ለደረቋ።»

ይኼን እሷ ሰምታው አታውቅም። ሁለት ወጣቶችና አንዲት አሮጊት፣ የት እንደሆነ የማላውቀው አገር፣ ዛፍ ሥር። እንደ ልማዴ ማን ላከህ ልለው ነበር፤ ግን ላኪዋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ሰማሁት። አሮጊቷ ስትቀበላቸው አንድ ነገር ጀርባዬን ነካኝ። ዘሃራ ስልኩን አታይም፣ ፊቴንም አታይም፤ ትከሻዬን ነው የምታየው። ትከሻዬም ከኔ ሳይማከር ሄደ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች፤ ግቢው ተንቀጠቀጠ። «ደረቋ በስንት ዓመቷ ረጠበች!»

ልሄድ ስል ስልኬን አወጣሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ፈለግኩ። ፊት ፊት ያሉትን ደላሎች ተውኳቸው። ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ብዬ ሰባት ሰው ያየው አንድ ዘፈን አገኘሁ። ከፈትኩትና ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ እየሰማሁ፣ የዘሃራን መዳፍ ይዤ፣ ከበሮውን በጣቶቼ መዳፏ ላይ መታሁላት። አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት ሦስት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ግማሽ ላይ ስደርስ ከበሮው ቀደመኝ፣ ጣቴ ተምታታ። ዘሃራ ዓይኗን ሳትገልጥ ሌላውን እጇን ከፍ አድርጋ ሁለት ጣቷን እንደ መቀስ ከፈተች፣ ዘጋች።

እኔም ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።